አሮጌ የሬድዮ አውሮፕላን ከነሞተሩ በ80 ዶላር፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ "ጋሼ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሰፈራችን እስቴት ሴል ላይ አንድ ያረጀ ጎልድበርግ ኢግሌት 50 የሚባል በሬድዮ የሚመራ ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን አየሁ፣ ኦኤስ 25 ኤፍፒ የሚባል ሞተር አለው ግን ፕሮፔለሩ ንቅንቅ አይልም። ፉታባ የሚባል መቆጣጠሪያ ሬድዮ አብሮት አለ፣ መብራቱ ይበራል። ኮክስ 049 የምትባል አውራ ጣት የምታክል ሞተርም እንጨምርልሃለን ብለውኛል። ሁሉም 80 ዶላር ነው። አብርሬ አላውቅም። ሞተሩ ይድናል? ሬድዮው ያገለግላል? የትስ ነው የማበረው? ክረምት ላይ ለእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ይዤለት ብሄድስ?"

ወንድሜ ግዛው፣ ግን ምን እየገዛህ እንደሆነ አውቀህ ግዛው። ከዛ ሁሉ ኮተት ውስጥ ዋጋ ያለው እንጨቱና ሞተሩ ነው፣ ሬድዮው፣ ባትሪው፣ የነዳጅ ቱቦውና ክንፉን የሚይዘው ላስቲክ ዜሮ ናቸው ብለህ ነው ሂሳብህን የምትሰራው። አብዛኛው ጀማሪ የተገላቢጦሽ ነው የሚያደርገው፣ ሞተሩ አልዞር ሲለው ሞቷል ብሎ ይተወዋል፣ ሬድዮው መብራቱ ከበራለት ደግሞ ደስ ብሎት እሱኑ ይዞ ሜዳ ይወጣል። አየር ላይ ሞተር ቢጠፋብህ እኮ እንደዚህ ያለ ክንፈ ሰፊ ትሬነር (የመማሪያ አውሮፕላን) ቀስ ብሎ ተንሳፍፎ ያርፋል፣ ባትሪ ከደከመ ወይም ሽቦ ውስጡ ከተበላ ግን መሪው እጅህ ላይ የለም ማለት ነው፣ ያኔ እንጨት ለቀማ ነው የምትሄደው።

ከሞተሩ ልጀምር። ያንተ አይነቱ ሞተር ግሎው ይባላል፣ ግሎው ሞተር ቤንዚን አይነካም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዝልኝ፣ ሰው የሳር ማጨጃ ሞተር ይመስለውና ቤንዚን ሞልቶ ሲያዞር ይውላል። ነዳጁ ሜታኖል ነው፣ ከሱ ጋር ዘይትና ትንሽ ናይትሮሜቴን ይቀላቀላል። እንደ መኪና ካንዴላ እሳት የሚረጭ ነገርም የለውም። ካንዴላ የሚመስለው ግሎው ፕለግ ውስጥ የተጠቀለለች የፕላቲነም ሽቦ አለች፣ ለማስነሳት ብቻ በ1.5 ቮልት ባትሪ ትግላለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ባትሪውን ትነቅላለህ፣ ከዛ ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ የሚፈጠረው ሙቀትና የፒስተኑ እመቃ ተጋግዘው ሽቦዋን እንደጋለች ያቆዩዋታል። 12 ቮልት ብታገናኝባት ባንዴ ትበጠሳለች፣ የመኪና ባትሪ እንዳታስጠጋት። ይሄን ፕለግ ሬይ አርደን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ገበያ ላይ ካወጣው ወዲህ ነው እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ኮይልና ባትሪ ተሸክመው መብረር የተዉት።

የደረቀብህ ደግሞ በዘይቱ ነው። ድሮ በብዛት የሚገባው የጉሎ ዘይት ነበር፣ ጉሎ ሞተሩ ሲግል እንደሌላው ዘይት ቶሎ አይሸሽም፣ ብረቱ ላይ ይቆያል፣ በዚህ የሚስተካከለው የለም ከሚሉት ሰዎች እኔም አንዱ ነኝ። ችግሩ ሞተሩ ሳይጸዳ ጋራዥ ውስጥ ብዙ አመት ከተቀመጠ ሜታኖሉ ይተናል ዘይቱ ይቀራል፣ የቀረው እየወፈረ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ንቅንቅ አልል ያለህ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሙጫ ነው እንጂ በዝገት አይደለም።

ስለዚ ፒንሳ እንዳታነሳ፣ ፕሮፔለሩንም በጉልበት እንዳትጠመዝዘው፣ ውስጥ ያለችው ኮኔክቲንግ ሮድ ቀጭን ናት ትጣመማለች። ግሎው ፕለጉን ፍታ፣ ካርቡሬተሩንም አውጣው፣ ስሩ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ሙቀት ያበላሽብሃል። ከዛ በሂት ጋን (ትኩስ አየር በሚተፋው መሳሪያ)፣ ከሌለህ በጸጉር ማድረቂያ፣ ሲሊንደሩን በእጅህ መንካት እስኪያቅትህ ድረስ አሙቀው። ሙጫው ሲሞቅ ይላላል። በፕለጉ ቀዳዳና በጭስ ማውጫው በኩል ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበት፣ የካምቢዮ ዘይት ማለትም ኤቲኤፍ አሪፍ ነው፣ ትንሽ ጠብቅና ፕሮፔለሩን በሁለት እጅህ ይዘህ ወዲህ ወዲያ ወዝወዝ፣ መጀመሪያ አንዲት ሚሊሜትር ትሰጥሃለች፣ ከዛ ሁለት፣ እምቢ ካለ እንደገና አሙቅ። ሙሉ ዙር ሲዞርልህ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ዘይት መጀመሪያ ቡና ይመስላል፣ እየጨመርክ ስታዞር እየጠራ ይመጣል፣ ጠርቶ እስኪወጣ አትቁም። ውጭውን እንደ አዲስ ማድረግ ያማረህ እንደሆነ ሰዉ አሮጌ ክሮክ ፖት (ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ በአንቲፍሪዝ ነክሮ በዝቅተኛ ሙቀት ያሳድረዋል፣ የተቃጠለው ጉሎ ተልጦ ይወጣል፣ ግን ክሮክ ፖቱ ከዛ በኋላ ሽሮ እንዳይሰራበት፣ ደጅ አድርገው፣ አንቲፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ነው ውሻም ልጅም ይጠጣዋል።

እድለኛ ነህ ደግሞ፣ ኤፍፒ ሞተር ኩሽኔታ የለውም፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞረው በቡሽንግ፣ ማለትም ኳስ በሌለው የብረት ቀለበት ውስጥ ነው። ባለ ኩሽኔታው የተሻለ ጉልበት አለው፣ ግን ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ናይትሮው ሲቃጠል የሚተወው ነገር አሲድነት አለው፣ እና ሳይጸዳ ከተቀመጠ የኋለኛው ኩሽኔታ ይዝጋል፣ ስታዞረው አሸዋ እንደገባበት ይንገጫገጫል። እሱንም መቀየር ይቻላል ግን ለጀማሪ ስራ ነው። ለዚህ ነው እኔ ያገለገለ ሞተር ለሚገዛ ሰው ባለ ቡሽንጉን የምመርጥለት።

እዛው ሻጩ ፊት ቆመህ የምታየው ነገር አለ። ማርሚታውን ፍታና በጭስ ማውጫው ቀዳዳ የፒስተኑን ጎን በስልክህ መብራት እየው፣ ቡናማ ቀለም ችግር የለም፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ግን አቧራ በልቷል፣ እመቃው ሄዷል ማለት ነው። የሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ከተሰበሩ ወይም መርፌዋ ማለትም ኒድል ቫልቯ ከተጣመመች በአፍንጫው ተክሎታል ማለት ነው፣ ያኔ ክራንክሻፍቱንም ጠርጥር። አንዳንድ ሞተር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጨም አድርጎ ይይዛል፣ ይሄ ብልሽት ሳይሆን አሰራሩ ነው፣ ሲግል ሲሊንደሩ ይሰፋለትና ልኩን ያገኛል፣ ስለዚ እንደሱ ያለውን አሙቀህ እንጂ በብርዱ አታሽከርክረው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ክንፉን አውጣና ከኋላ በኩል በአንድ አይንህ አነጣጥረህ ተመልከተው፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ተጣሟል። ሽፋኑን በሂት ጋን እያሞቁ በተቃራኒው ጠምዝዞ መመለስ ይቻላል፣ ግን ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ስለሆነ ለሻጩ አሳየው። ጭራው ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አንድ በአንድ ይዘህ ሳብ አድርግ፣ ማጠፊያቸው ከተነቀለ እዛው ይነቀል፣ አየር ላይ ከሚነቀል ማለቴ ነው። ዋናው ግን ፋየርዎሉ ነው፣ ሞተሩ የታሰረበት ግድግዳ። የነዳጅ ታንኩን አውጣና ቦታውን አሽትት፣ በጣትህ ጥፍር እንጨቱን ጫን አድርገው። ጥቁር ሆኖ ጥፍርህ ከገባ ዘይት ጠጥቷል፣ ዘይት የጠጣ ባልሳ (አውሮፕላኑ የተሰራበት ቀላል እንጨት) ደግሞ ኢፖክሲም ሆነ ሌላ ኮላ አይዝም፣ መጀመሪያ በአልኮልና በበቆሎ ዱቄት ደጋግመህ ዘይቱን መምጠጥ አለብህ። ትንሽ ከሆነ ይሰራል፣ አፍንጫው በሙሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ግን ሞተሩን ብቻ ገዝተህ እንጨቱን ተወው።

ታንኩን አትመነው። ፕላስቲኩ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ያለችው ቱቦ ግን ጫፏ ላይ ትንሽ የናስ ክብደት አላት፣ አውሮፕላኑ በተዘዋወረ ቁጥር ክብደቷ ነዳጁ ወዳለበት ይዟት ይሄዳል፣ ቱቦዋ ስትደርቅ ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች ወይ ትሰነጠቃለች። መሬት ላይ ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሰራል፣ አፍንጫህን ቀና አድርገህ ስትነሳ ነዳጅ ሳይሆን አየር ትመጥና ጸጥ። ሰው ግማሽ ቀኑን ካርቡሬተር ሲነካካ ይውላል፣ ጥፋቱ ግን የሁለት ዶላር ቱቦ ነው። ሙሉውን በአዲስ ሲሊኮን ቱቦ ቀይረው፣ ለቤንዚን የሚሸጠውን ሳይሆን ለግሎው የሚሆነውን ጠይቅ። ታንኩን መልሰህ ስታስገባ መሃሉ ከመርፌዋ ቁመት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ በስፖንጅ ጠቅልለህ፣ አለበለዚያ በንዝረት ነዳጁ አረፋ ይሰራል።

ሬድዮው፣ ይሄ ላይ አልከራከርህም፣ ለመታሰቢያ አስቀምጠው። ፉታባው በ72 ሜጋኸርዝ የሚሰራ ነው የሚሆነው፣ ቻናሉ በክሪስታል (ድግግሞሹን በምትወስን ተነቃይ ቁራጭ) ነው የሚወሰነው፣ ከ1991 በፊት የተሰራ ከሆነ ደግሞ ድግግሞሹ ሰፊ ስለሆነ ከዛ በኋላ ከወጣው ጠባብ ስርዓት ጋር አይሄድም። 72 ሜጋኸርዝ እስካሁን ህጋዊ ነው፣ ግን ድሮ ክለቦች የቻናል ሰሌዳ ይዘው አንድ ሰው ሲያበር ሌላው በዛ ቻናል እንዳይከፍት ይጠብቁ ነበር፣ አሁን ሁሉም 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ማንም አይጠብቅልህም። አዲስ 2.4 ሬድዮ ከነሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ ሲግናሉን ከሚቀበለው) ግዛ፣ ሌላ አውሮፕላን ስታገኝም ያገለግልሃል።

ባትሪው ኒኬል ካድሚየም ነው የሚሆነው። ቻርጅ ቢያደርግም ጣለው፣ ማለቴ ባትሪ መመለሻ ቦታ ስጠው፣ ካድሚየም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። አንድ ነገር ላሳይህ፣ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ፕላስቲኩን በምላጭ ላጥ አድርገህ እየው፣ መዳቡ የሚያብረቀርቅ ቀይ መሆን ሲገባው ጥቁር ሆኖ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ታገኘዋለህ። ባትሪው ሲያረጅ የሚያፈሰው ነገር በሽቦው ውስጥ እየተጓዘ እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ይደርሳል፣ ስለዚ አዲስ ባትሪ በአሮጌው ማብሪያ ላይ መሰካት ዋጋ የለውም፣ ማብሪያውም ይቀየር። ሰርቮዎቹን (ጭራውንና ጋዙን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) በአዲሱ ሪሲቨር ሞክራቸው፣ ቀስ ብለህ ስቲኩን ስታንቀሳቅስ አንድ ቦታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ካለ ውስጡ ቆሽሿል፣ አውጣው። ከሌላ ብራንድ የመጣ አሮጌ ሰርቮ ካየህ ደግሞ ከመሰካትህ በፊት የሽቦውን ቅደም ተከተል አጣራ፣ የድሮ ኤርትሮኒክስ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከሌላው ጋር የተገለበጠ ነው፣ ያቃጥልብሃል።

እንግዲህ ባትሪ፣ ማብሪያ፣ ታንክ፣ ቱቦ፣ ሰርቮ፣ ሬድዮ፣ ሁለት ሶስት ፕሮፔለር፣ አንድ ጋሎን ነዳጅ ስትደምር ከ80ው በላይ ብዙ ታወጣለህ፣ ሁለት መቶ ዶላር አካባቢ በልና አስበው፣ ባለቤትህ ከጠየቀችህም ቀድመህ ንገራት። ለዚህም ነው ሻጩን 50 በለውና ተደራደር የምልህ፣ ሬድዮውን ዋጋ ውስጥ እንዳያስገባብህ።

ነዳጅ ለ25ቱ (ለኦኤሱ ሞተር) 10 ፐርሰንት ናይትሮ ያለው፣ ዘይቱ ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት የሆነና ከዘይቱ ውስጥ የተወሰነው ጉሎ የሆነውን ግዛ፣ ፕሮፔለር 9 በ6 ወይም 9 በ5 (የመጀመሪያው ርዝመቱ በኢንች ነው፣ ሁለተኛው ባንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ይሆነዋል። አሮጌውን ፕሮፔለር አትጠቀም፣ ናይሎን ሲያረጅ ይሰባበራል፣ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ሲሰበር የሚሄድበትን አይታወቅም። ሜታኖሉን አትናቀው፣ ትንሽ ቢጠጣ አይን ያጠፋል፣ በአፍህ ቱቦ ስበህ እንዳታወጣ፣ ሲቃጠል ደግሞ ነበልባሉ በጸሐይ አይታይም። ከልጆች አርቀህ ቆልፍበት።

ለማስነሳት መርፌዋን ሙሉ ዝጋና ሁለት ተኩል ዙር ያህል ክፈት፣ ጭራውን ሰው ይያዝልህ፣ ፕሮፔለሩን በጣትህ ሳይሆን በዱላ ምታው። ሲነሳ ከፕሮፔለሩ ኋላ ዙርና ባትሪውን ንቀል፣ በፕሮፔለሩ ላይ አጎንብሰህ መርፌ አትንካ፣ ነጠላ ወይ ስካርፍ ያደረገ ዘመድ ሊያይ መጥቶ ከሆነም ራቅ ይበል። ጋዙን ሙሉ ስጥና መርፌዋን ቀስ በቀስ አጥብብ፣ ድምጹ እየቀጠነ ይሄድና ጣራ ይነካል፣ እዛ ላይ አትተወው፣ ድምጹ ትንሽ ወረድ እስኪል መልሰህ ክፈተው። ከዛ አውሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርገህ ያዝ፣ ድምጹ ካልተቀየረ ወይም ትንሽ ከጨመረ ጥሩ ነው፣ ከደከመ ገና ጠቧል። አጥብቦ የሚያበር ሰው ሞተሩን ያቃጥላል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየተከተለህ ከሆነ ዘይት እየደረሰው ነው። ውለህ ስትጨርስ ነዳጁን ቱቦው ውስጥ አታሳድር፣ ቱቦውን ነቅለህ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ይጥፋ፣ ከዛ ትንሽ ዘይት ጨምርበትና አዙረው፣ ይሄን የቀድሞ ባለቤት ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ ሂት ጋን አትፈልግም ነበር።

ኮክሷ ደስ የምትል ነገር ናት፣ 0.8 ሲሲ ብቻ ናት (25ቱ 4 ሲሲ ነው)፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በገፍ ነው የተሰራችው። ግን ለመማሪያ አትሆንህም። ጋዝ መቀነሻ የላትም፣ ከተነሳች ታንኳ እስኪያልቅ ሙሉ ጉልበቷን ትጮሃለች፣ ግሎው ፕለጓም ከጭንቅላቷ ጋር አንድ ላይ የተሰራ ስለሆነ ሲበጠስ ጭንቅላቱን በሙሉ ነው የምትቀይረው፣ ነዳጇም ሌላ ነው፣ 25 ፐርሰንት ያህል ናይትሮና ጉሎ የበዛበት ዘይት ትፈልጋለች። አንዳንዴ ወደ ኋላ ዞራ ትነሳለች፣ ትስቃለህ። ጠረጴዛ ላይ አስራት፣ እሷ ላይ ማስነሳት ተለማመድ።

የት ታበራለህ ያልከው ጥያቄ እውነቱን ለመናገር ከሞተሩ በፊት መምጣት ነበረበት። አሌክሳንድሪያ ጓሮህም ሆነ ፓርክ ውስጥ አታበርም። ከሬጋን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሆነ ሞዴል አውሮፕላን የተከለከለ ነው፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁላችንም የተሰበሰብንበት ሰፈር በሙሉ እዛ ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ውስጥ ግን ይቻላል፣ ከ400 ጫማ ሳታልፍ፣ በአይንህ እያየኸው፣ ጥርት ባለ አየር፣ ሌላ አውሮፕላን ሳትጠጋ። ወደ ማናሳስ በኩል ማለት ነው። ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን መስሪያ ቤት) ላይ ትመዘገባለህ፣ 5 ዶላር ነው ለሶስት አመት፣ ቁጥሩን አውሮፕላኑ ውጭ ላይ ትጽፈዋለህ፣ ትረስት የምትባለውን ነጻ የኦንላይን ፈተናም ትወስዳለህ። ሪሞት አይዲ የሚባል የአውሮፕላኑን ማንነትና ያለበትን ቦታ የሚያሰራጭ መሳሪያም ያስፈልጋል፣ ኤፍኤኤ ያጸደቃቸው ሜዳዎች ላይ ካልሆነ በቀር፣ ብዙ የክለብ ሜዳዎች ይሄን አግኝተዋል። ስለዚ አቋራጩ ክለብ መግባት ነው። ኤኤምኤ የሚባለው የሞዴል አውሮፕላን ማህበር ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው፣ መቀመጫው ማንሲ ኢንዲያና ነው፣ አባል ስትሆን ኢንሹራንስም አብሮ አለው። ክለቡ ውስጥ ሁለት ሬድዮ አገናኝቶ የሚያስተምርህ ሽማግሌ አታጣም፣ ስትሳሳት እሱ መሪውን ይቀበልሃል፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንተ የያዝከውን አይነት አውሮፕላን በወጣትነታቸው የሰሩ ናቸው፣ ኢግሌት ይዘህ ስትመጣ ሲያዩ ስራቸውን ትተው ነው የሚሰበሰቡብህ። ብቻህን የመጀመሪያ በረራ አትሞክር፣ ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጥብሃል፣ ሁሉም ሰው እዛ ላይ ነው የሚጥለው።

ከመነሳትህ በፊት ሚዛኑን ለካ፣ ክንፉን ከፊተኛው ጠርዝ የስፋቱ ሲሶ አካባቢ ላይ ከስር በሁለት ጣትህ ደግፈው፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ጭራው ከወረደ ክብደት ጨምርለት እንጂ አታብረው። የክንፉን ላስቲክ አዲስ አድርግ፣ ዘይት የነካውን አትድገመው። የሬድዮውን ርቀት ሞተሩ እየሰራ ፈትሽ፣ ሲግናል ሲጠፋ ጋዙ ራሱ እንዲወርድም አስተካክል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ይሄን አውሮፕላን ይዘህ አትሂድ። ነዳጁ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በሻንጣ በምንም አይጫንም፣ ነዳጅ የነካ ሞተርም በሻንጣ ለማሳለፍ ችግር ነው፣ እዛ ስትደርስ ደግሞ በሬድዮ የሚበር ነገር ያለ ኢንሳ (የመረብ ደህንነት መስሪያ ቤቱ) ፈቃድ ጉምሩክ ይይዝብሃል። ተሳክቶልህ ቢገባ እንኳን አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ይሄ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፣ እዚህ ያስተካከልከው መርፌም እዛ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል። ለልጁ ከባልሳ የተሰራ በእጅ የሚወረወር ግላይደር ያዝለት፣ ሞተርም ሬድዮም የለውም ማንም አይጠይቅህም፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ የመጫወቻ ጭቃ እየጨመረና እየቀነሰ ሚዛን ምን እንደሆነ ራሱ ያገኘዋል፣ ጃንሜዳ ወስደህ አስወርውረው።